ቆሜ የቆረጥኳቸው ቀንበጦች

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ጠዋት ሲነሱ የሚይዝዎት ቁርጥማት ለቀቅ አድርጎዎታል ወይ? እማዬስ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት አሁንም ከብርሃን ጋር ትጣላለች? ጓሮ ያሉት ችግኞችስ እንዴት ናቸው? በር አጠገብ ያለው ሮማን አበባው ያዘ ወይስ እንደ አምናው ረገፈ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ ክፍል እገባለሁ፣ ሳቅ ሲመጣም እስቃለሁ። ከዚህ አልፌ ፍጹም ደህና ነኝ ብልዎ ግን ውሸት ላይ ውሸት መደረብ ይሆንብኛል፤ እስካሁን የደረብኩት ይበቃኛል።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ እንደ ወትሮው ትንሿ እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ። አንቺ ቀበጥ፣ ዛሬ አደራ አለብሽ። የሚያሳፍር ነገር ስታገኚ ለእኔ አዝነሽ አትዝለዪ፣ ድምፅሽንም አትቀንሺ። እማዬ ከጎን ትቀመጥ፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም ቤት ካለ ይጠራ። የበደልኩት በሰው ፊት ስለሆነ በሰው ፊት ይነበብ ብዬ ነው።

መቼም ደብዳቤ ያለ ወሬ አይሆንም። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመታችን ስለሆነ ከትልቁ ሕንፃ ወደ ኋለኛው ማደሪያ ተዛውረናል። ክፍላችን አራት አልጋና አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱ የሚያየው የችግኝ ጣቢያውን ነው። አልጋ ጎረቤቴ ቲማቲም በቆርቆሮ ተክላ መስኮቱ ላይ ደርድራለች፣ ልብሳችንን የምንሰቅልበት ቦታ አጥተን በየቀኑ እንጨቃጨቃለን። ባለፈው የአፈር ትምህርት ፈተና ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ይኸው፣ ወሬ እያበዛሁ ዋናውን ነገር እያሸሸሁት ነው። በስልክም የማደርገው ይህንኑ ነው። ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ድምፅዎን ስሰማ ግን ዝናቡ እንዴት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት እርስዎም ገርሞዎት፣ ልጄ ትምህርቱ የዝናብ ሆነ እንዴ አሉኝ። ሳቅሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አለቀስኩ።

ተግባር የሚያስተምሩን አንድ ሽማግሌ አሉ። ስንጣደፍ ሁሌም ቀስ በሉ ስለሚሉን ተማሪው ከኋላቸው ጋሽ ቀስ ይላቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፣ አይቆጡም። አንደኛ ዓመት ላይ ብርቱካን ማዳቀል ሲያስተምሩን እጄን አውጥቼ፣ አባቴ የጤና ጣቢያ አትክልተኛ ናቸው አልኩ። የኮምጣጣውን ብርቱካን ግንድ በቢላዋ ሰንጥቀው የጣፋጩን ዐይን ሲያስገቡበት፣ በአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክም ሲያስሩት እያየሁ አደግሁ አልኩ። ከአሥሩ ስንቱ ይይዝላቸዋል ብለው ጠየቁኝ። ዘጠኙ አልኳቸው፤ ይህኛው እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እርስዎ ሳይጠይቁኝ ያለፈ ሳምንት የለም። ዘንድሮ ደግሞ በተግባር ቀን መጥተው ለአዲሶቹ ተማሪዎች አዳቅለው እንዲያሳዩ ኮሌጁን አስፈቀዱ። ወዲያው ደወልኩልዎ። እርስዎ «እኔ? ኮሌጅ?» ያሉበት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ያንኑ ሰሞን ጋሽ ቀስ ለሁለት ቀን ለሥራ ወጡ። ከመሄዳቸው በፊት ለገበሬዎች የሚታደሉ መቶ ሃያ የተዳቀሉ የብርቱካን ችግኞችን በአደራ ሰጡኝ። በዓመቱ መጨረሻ ትልቁ የፍራፍሬ እርሻ ከክፍላችን ሁለት ሰው ይቀጥራል። ከሁለቱ አንዷ እኔ እንድሆን ስሜን አስይዘውልኝ ነበር፤ አደራውም ለዚያ መፈተኛ ነበር። ሥራው ከባድ አይደለም። ዐይኑ ገብቶ ከታሰረበት ቋጠሮ በላይ ያለውን የጣፋጩን ቀንበጥ ማስቀረት፣ ከቋጠሮው በታች ከኮምጣጣው ግንድ የወጣውን መቁረጥ ነው። እርስዎ ሌባ ቀንበጥ የሚሉትን ማለቴ ነው። ሌባው ሁልጊዜ ከባለቤቱ ይወፍራል፣ ከላይ ስታዪው ባለቤት ይመስልሻል፣ ስለዚህ ተንበርከኪና ከየት እንደወጣ እዪ ይሉኝ ነበር። አንድም ቃል አልጠፋኝም።

ግን አልተንበረከክሁም። አባባ፣ ምክንያቱ ይኸውልዎ። መሬቱ ጭቃ ነበር፣ እኔ ደግሞ አዲስ ነጭ ጋውን ለብሻለሁ። ከሌላ ኮሌጅ የመጡ እንግዶች በአጥሩ ዳር እያለፉ ነው። ጉልበቴን ጭቃ ነክቶት እነሱ ፊት ተራ አትክልተኛ መምሰል አልፈለግሁም። የእርስዎ ሱሪ፣ ጉልበቱ ላይ እማዬ የጣፈችው ሸራ ዐይኔ ላይ መጣ። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ሊወስዱኝ ሲመጡ፣ ያንን ሸራ ጓደኞቼ እንዳያዩብኝ ቀድሜዎት እሮጥ ነበር። አያውቁም ብዬ ነበር የምጽናናው። አሁን ሳስበው ግን ያውቁ ነበር፤ እርምጃዎን ዝግ ያደርጉልኝ ነበርና።

እናም ቆሜ፣ ጎንበስ ብቻ እያልኩ፣ ወፍራሙን እያስቀረሁ ቀጭኑን ቆረጥኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ በአንድ ሰዓት ተኩል ጨርሼ እጄን ታጥቤ ሄድኩ። ከመቶ ሃያው ሰማንያ ስድስቱ ላይ ባለቤቱን አባርሬ ቤቱን ለሌባው አስረክቤ ነበር።

ጋሽ ቀስ ሲመለሱ ክፍሉን በሙሉ ይዘው ወደ ችግኞቹ ወረዱ። ተንበርክከው አንዱን አዩ፣ ሁለተኛውን አዩ፣ አሥረኛው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ማን ቆረጠው አላሉም፣ ያውቃሉ። ለምን ብቻ ነው ያሉኝ። ሠላሳ ተማሪ ያየኛል። ተሳሳትኩ፣ ተጣደፍኩ ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? እኔ ግን አፌን ሞልቼ፣ «አባቴ እንዲህ ነው ያስተማሩኝ። ጠንካራው ይቀራል፣ ደካማው ይቆረጣል ይላሉ» አልኩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌላው፣ የጓሮ ትምህርት ነዋ፣ አለ። አባባ፣ የሚቀጥለውን ልዝለለው ብዬ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። እኔም አብሬያቸው ፈገግ አልኩ።

ጋሽ ቀስ ለእርስዎ የጻፉትን የጥሪ ወረቀት ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ነበር፤ ያን ቀን ማኅተም ሊያስመቱበት። ጫፉን ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉትና፣ እንግዲያው አባትሽን አናስቸግርም አሉ። ነገሩ በዚያው ቀረ። ለእርስዎ ደግሞ ደውዬ ኮሌጁ ቀኑን አራዘመው አልኩዎት። እርስዎም ሳይከፉ፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው፣ እንዳትጨቀጭቂያቸው አሉኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። ከሁሉ የባሰው እህቴ ስልኩን ነጥቃዎት የቤቱን ወሬ ስትዘረግፍልኝ ነበር። ልብስ ሰፊው የድሮ ኮትዎን ገልብጦ አዲስ አስመስሎ እንደሰፋልዎ ነገረችኝ። ለተማሪዎቹ የሚያሳዩባቸውን ቀንበጦች መርጠው ቆርጠው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ሥር አስቀምጠዋል፤ ጨርቁን በየጠዋቱ ያርሳሉ። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ወጥተው ሾፌሩን የኮሌጅ ወረቀት አለህ ወይ ይሉታል። አሁንማ ሾፌሩ ገና ከሩቅ ሲያይዎት በመስኮት እጁን እየነቀነቀ የለም ይልዎታል አሉ። እህቴ ይህን ሁሉ የነገረችኝ እየሳቀች ነው። አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ማንበብሽን ቀጥዪ።

ይህን በሰማሁ በማግስቱ ጠዋት ከትምህርት በፊት ወደ ችግኝ ጣቢያው ወረድኩ። ጋሽ ቀስ ችግኞቹ በሚጠለሉበት ዳስ ሥር ብቻቸውን ተንበርክከው እኔ ያበላሸኋቸውን እንደገና ያዳቅላሉ። በዚያ ዕድሜያቸው። ከጎናቸው ጭቃው ላይ ተንበረከክሁና፣ አባቴ እንዲህ አላስተማሩኝም አልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም አወጣሁት፤ ጋውኑንም፣ እንግዶቹንም፣ ሸራውንም፣ ፈገግታዬንም። እሳቸው ሥራቸውን አላቋረጡም። የያዙትን አስረው ሲጨርሱ ነው ቀና ያሉት። «ቀስ በይ። ለእኔ ብቻ ነግረሽ እንዳትገላገዪ። ያን ቀን የሰማ ሁሉ ይስማ» አሉኝ።

ክፍሉ ፊት ወጥቼ ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ስለተናገርኩ ያለፈው አልተመለሰም። ከእርሻው ቅጥር ስሜ ተሰርዟል፣ የተግባር ትምህርቱንም ደግሜ እወስዳለሁ። ይህን የምጽፍልዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም። በእኔ ምክንያት ገበሬዎቹ አንድ ዓመት ይጠብቃሉ፣ የሚታዘንላቸው እነሱ ናቸው። የተበላሹትን ችግኞች አሁን የማዳቅላቸው እኔ ነኝ። እስካሁን አርባ አንድ አድርሻለሁ፤ ሰባቱ ጠቁረውብኛል። የእርስዎ ዘጠኝ ከአሥር እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አልመሰለኝም።

አንድ ውሸት ይቀረኛል፣ እሱንም ላውጣው። መጀመሪያ ወደዚህ ስመጣ የሰጡኝን የማዳቀያ ቢላዋ ረሳሁት ብዬዎት ነበር። አልረሳሁትም። እጀታው ላይ የጎማ ላስቲክ ስለተጠመጠመበት ሰው ይስቅብኛል ብዬ፣ ከውኃ ማጠጫው ጀርባ ካለው የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወሽቄው ወጣሁ። እርስዎ ያን ቀን ከእኔ ጋር አብረው ቤቱን ሙሉ ሲፈልጉ ነበር፤ አልጋ ሥር ሳይቀር ገብተው። እኔም አብሬ ፈላጊ ሆኜ ነበር። ዛሬም እዚያው ይሆናል፣ ምናልባት ዝጓል።

ጋሽ ቀስን የጥሪውን ወረቀት መልሰው እንዲልኩልዎ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። «ያስቀረሽው አንቺ ነሽ፤ ጥሪው በአንቺ እጅ ይጻፍ» አሉኝ። እነሆ፣ ከሾፌሩ ሲጠብቁት የከረሙት ወረቀት ይህ ነው። የተግባር ቀኑ በሚመጣው ወር በሃያ ሁለት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ማረፊያ ተዘጋጅቶልዎታል። ቢመጡ ከበሩ የምቀበልዎት እኔ ነኝ። ኮቱን ይልበሱ፣ ልብስ ሰፊው ደክሞበታል። ሱሪው ግን ጉልበቱ የተጣፈው ይሁን። ከበሩ እስከ ችግኞቹ ድረስ ከጎንዎ ነው የምሄደው፤ ቀድሜዎት አልሄድም። ቢላዋውንም ካገኙት ይዘውልኝ ይምጡ። አልመጣም ቢሉ ግን ፍርዱ የእርስዎ ነው፣ አልከራከርም። በዋዜማው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወጥቼ አውቶቡሱን እጠብቃለሁ፤ ተራው የእኔ ነው።

ለልብስ ሰፊው ሰላምታዬ ይድረሰው፤ የገለበጠው ኮት ሳይለበስ የከረመው በእኔ ጥፋት እንጂ በኮሌጁ ሥራ መብዛት አይደለም። ለአክስቴ ሰላም በሏት፤ ለሁሉም ሰው ተማሪዋ የወንድሜ ልጅ እያለች ስትኮራብኝ ለጊዜው ቀነስ ታድርገው። ለሾፌሩም ሰላም በሉልኝ፤ እጁን ከመነቅነቅ ይረፍ። አንቺ ቀበጥ፣ ሳትዘልዪ አንብበሽ ከሆነ ስመጣ የመስኮቱን ቲማቲም ዘር አመጣልሻለሁ፤ ዘለሽም ከሆነ አባባ ፊትሽን አይተው ያውቁብሻል። እማዬ፣ ዐይንሽን አታድክሚ። ከዚያ ሸራ የተረፈሽ ካለ ግን ሁለት ቁራጭ በአባባ እጅ፣ አባባ ካልመጡም በሾፌሩ እጅ ላኪልኝ። ለሱሪዬ ጉልበት ነው፤ መስፋቱን እኔው እሰፋዋለሁ።

የበደለችዎት የመጀመሪያ ልጅዎ

ከኮሌጁ ችግኝ ጣቢያ፣ ከዳሱ ሥር
ሐሙስ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በአሥራ ዘጠኝ