የአባትሽ ሽልማት

ዊንተርኮም መንደር፣ ዶርሴት
ኦክቶበር 17 ቀን 1858

ለምወድሽ ልጄ ለቴርዛ፣ ካናዳ

ደህና ነን ብዬ ልጀምር አሰብኩና እጄ እምቢ አለኝ። በሕይወት አለን፤ አንቺና ባልሽም ደህና እንድትሆኑ ሌት ተቀን እጸልያለሁ። የአክስትሽ ልጅ የአባትሽን መሸለም ጽፎልሽ ደስ ብሎሻል አሉ። መሸለሙስ ተሸልሟል። እንዴት እንደተሸለመ ግን ከእኔ ስሚው፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፍልሽ።

የባለርስቶቹን የከብት ትርኢት ታውቂዋለሽ። ዘንድሮ ከበሬውና ከአሳማው ቀጥሎ ሰው እንሸልማለን አሉ። ደብሩ ለድሆች የሚሰጠውን እርዳታ ሳይቀበል ብዙ ልጆች ላሳደገ የእርሻ ሠራተኛ፣ የናስ ቁልፍ ያለው ሰማያዊ ካፖርት! የርስቱ ምስለኔ ሚስተር ክሪች ራሱ ቤታችን ድረስ መጣ። ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ፣

«ኢላይ፣ የዘንድሮው ተሸላሚ አንተ ነህ። የሚያፈሰውን ጣሪያህንም ጌታው ያሠሩልሃል» አለው። ከዚያ አያትሽን በዓይኑ ገረመማት። «አንድ እንቅፋት ብቻ አለ። አሮጊቷ ከደብሩ ዳቦ ትቀበላለች።»

«ዳቦው የእሳቸው ነው፣ ጌታዬ። እኔ አልነካውም» አለ አባትሽ።

«ጣሪያው ግን ያንተ ነው። የደብር ዳቦ የሚገባበት ቤት አይሸለምም። እስከ ትርኢቱ ትተወውና ከዚያ በኋላ መልሳ ትጠይቅ።»

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አያትሽ ቀደመችኝ። «ይቅርብኝ፤ ለዚያ ለድንጋይ ዳቦ ጥርስም የለኝ» ብላ ሳቀች። ጣሪያው የሚያፈሰው እሷ አልጋ ላይ ነውና አባትሽ እሺ አለ። ለካፖርቱ ብሎ እንዳይመስልሽ። ከድንቻችን እያካፈልናት ሰነበትን፤ እሷ ግን ጠገብኩ እያለች ለትናንሾቹ ታጎርሳቸው ነበር።

በትርኢቱ ቀን አባትሽን በሬዎቹ በዞሩበት ሜዳ፣ እበቱ እንኳ ሳይጠረግ አዞሩት። የርስቱ ጌታ ልጆቻችንን በስም ሳይሆን በቁጥር ጠሩ፤ የቀበርናቸውንም አብረው ቆጠሯቸው። ወይዛዝርቱ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ አጨበጨቡ። አንዷማ «እንዴት ያለ ጨዋ ፊት ነው!» ስትል ሰማኋት፤ ስለ ፈረስ የምታወራ ነበር የመሰለኝ።

በሳምንቱ የአያትሽን ዳቦ ልጠይቅ ወደ ደብሩ ሸንጎ ሄድኩ። ከሸንጎው መሐል ማን ተቀምጦ ባገኝ ጥሩ ነው? ያው ክሪች!

«ሃና፣ አታፍሪም? ባልሽ ቤተሰቡን ማስተዳደር እንደሚችል በሕዝብ ፊት ተመስክሮለት፣ አሁን ደግሞ ዳቦ?»

«መልሳ ትጠይቅ ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«ትጠይቅ አልኩ እንጂ ይሰጣታል አልኩ?»

ሳቁ፣ ቴርዛ። ያ ሁሉ ትልቅ ሰው ሳቀ! «ካቃታችሁ የድሆች መጠለያው በሩ ክፍት ነው፤ ጋሪ እንልክላታለን» አሉኝ። እዚያ የገባ አዛውንት በሬሳ ሣጥን እንጂ በእግሩ እንደማይወጣ ታውቂያለሽ።

ቤት ገብቼ ያሉኝን ሁሉ ለአባትሽ ነገርኩት። ቁጣዬ ለእሱም ተርፎ ነበር፤ «በል ካፖርትህን ቀቅለህ አብላት!» አልኩት። እሑድ ጠዋት ካፖርቱን አወጣና፣ «እማማ፣ ብርድ ነው፤ ይልበሱት» ብሎ ለአያትሽ አለበሳት። እጅጌው ጣቶቿን ዋጣቸው፤ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። እሱ አሮጌ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ክንዷን ደግፎ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መሐል ለመሐል አሳልፎ፣ ጌቶች በሚቀመጡበት የፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። ቄሱ የሚያነቡት ጠፋባቸው።

ስንወጣ ክሪች በር ላይ ጠበቀን። ፊቱ ደም መስሏል።

«ምን ማለት ነው ይሄ፣ ኢላይ? ካፖርቱ የተሰጠው ላንተ ነው!»

«ዳቧቸውን ነው የለበሱት፣ ጌታዬ» አለ አባትሽ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

በዕድሜው ሙሉ በጌቶች ፊት ቀና ብሎ ተናግሮ የማያውቅ ሰው! ሰኞ ከሥራ አባረሩት። ቤቱም የርስቱ ነውና እስከ መጪው ጸደይ ልቀቁ ብለውናል። አሁን መንገድ ላይ ድንጋይ ይፈልጣል፤ እጁ ቆስሏል፣ ወደ ቤት ሲመጣ ግን ሲያፏጭ ከሩቅ እሰማዋለሁ። ጎረቤቶቻችን ፈርተው አያናግሩንም፤ ነገር ግን ጠዋት በሩን ስከፍት ደፉ ላይ ለአያትሽ የተተወ ወተት አገኛለሁ። ማን እንደሚያስቀምጠው አልጠየቅኩም።

ትናንት አባትሽ፣ «እስቲ ቴርዛን ጠይቂልኝ፤ እዚያ አገር ወደ ስድሳ ለተጠጋ ሰው ሥራ ይሰጣሉ?» አለኝ። ለራሱ አይደለም፤ ለሚያውቀው ሰው ነው አለ። መልሱን በሌላ ወረቀት ለብቻው ጻፊልኝ። ደብዳቤሽን ለአያትሽ ጮክ ብዬ ነው የማነብላት፤ ባሕር መሻገር እንደማትችል ደግሞ ከእኛ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ቤትሽን ያሙቅልሽ፤ በማንም ደጅ አያቁምሽ፣ ልጄ።

እናትሽ
ሃና ደንስተር