ፀሐይ ሳይነካት አሽትቻት

ይድረስ ለእህቴ ለሀሊማ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? የድሬ ሙቀት እንቅልፍ ይሰጥሻል? ልጅሽ ሱፊያንስ ከነሚስቱ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አስራ ሰባተኛ ፎቅ በቀር የሚያመኝ የለም።

ኤሌቬተሩ ከተበላሸ ወዲህ ከበር አልወጣሁም፤ ደረጃውን ጉልበቴ አይችለውም። ልጄ ሉብና ወደ ሥራ ስትወጣ "እማ፣ እንዳትወርጂ፣ በረዶው ያዳልጣል" ትለኛለች። ሰመር ላይ አገር ትገቢያለሽ ይሉኛል፤ ሰመር ሲመጣ ደግሞ የሉብናን ልጆች የሚይዝ ይጠፋል።

ሱፊያን ሐሙስ ክፍል ሊሠራ የእማማን ጽጌረዳ እንደሚነቅላት፣ አንቺም "ሽታ የላትም፣ የእማማ አይደለችም" እንዳልሽ ከሰማሁ ጀምሮ እሷኑ ሳስብ አድራለሁ። በስልክ ስጀምረው እንባ ስለሚቀድመኝ ጻፍኩት፤ የልጅ ልጄ ሪም ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

የላክሽውን ፎቶ አጉልቼ ተመለከትኩት። ከላይብረሪ ያስመጣሁት የድሮ ጽጌረዳዎች መጽሐፍ አለኝ፤ መዝገበ ቃላት ይዤ እየታገልኩ አነበዋለሁ። ሪም "አያቴ፣ ጎግል አድርጊውና ተገላገይ" ብላ ሳቀችብኝ። አደረግሁ፤ ስልኩ ለአንዷ አበባ ሦስት ስም ሰጠኝ። እኔ ግን አንገቷን እንደደፋች አየሁ፤ እማማ "ዓይነ አፋሯ" የምትላት ለዚህ አልነበር? ለጋ ቅጠሏም ቀላ ያለ ነው። መጽሐፉ እንዲህ ያለችው ሙቀት የምትወድ የድሮ ዘር ናት፣ ሽታዋም የሻይ ቅጠል ነው ይላል።

እንደነገርሽኝ አንቺ ያሸተትሻት ከገበያ ስትመለሺ፣ በቀትር ነው። ሀሊማ፣ በዚያ ፀሐይ ምን ሽታ ይተርፋል? እማማ ለመውሊድ አበባዋን የምትለቅመው ከሱብሂ ሰላት ተነስታ ነበር፤ እኛ ያን ጊዜ ተኝተናል። እኔ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከአገር የወጣሁ ለት። አንዷን ቆርጣ ሻሼ ላይ ሰካችልኝና "ተክሏ ሳትደርቅ ትመለሻለሽ" አለችኝ። ለቀብሯ እንኳን እንዳልደረስኩ ታውቂያለሽ፤ እስክትሞት ውሃ ስታጠጣት እንደኖረች የነገርሽኝም አንቺ ነሽ።

እባክሽ ነገ ከሱብሂ በኋላ ገና ግማሽ የተከፈተችውን በመዳፍሽ ከበሽ፣ እፍ ብለሽ አሙቂያትና አሽትቻት። አዲስ የተከፈተ የሻይ ቆርቆሮ ከሸተተሽ ሱፊያን ግድግዳውን ትንሽ ያሽሽልኝ። ካልሆነለት አብቦ ካረገፈው ቅርንጫፍ እርሳስ የሚያህለውን ቆርጠሽ፣ ጥላ ሥር እርጥብ አሸዋ ውስጥ ትከይልኝ።

ምንም ካልሸተተሽ እንዳትዋሺኝ። ከዚህ ሆኜ አፍንጫዬ አንቺ ነሽ። እሷ ከሆነች ግን፣ ገና አልደረቀችም ማለት ነው።

ሱፊያንን ዶማ ከማንሳቱ በፊት ሳሚልኝ። ሚስቱን በርቺ በያት፣ የሚወለደውንም አላህ በሰላም ያውጣው። ሉብናና ሪም በብዙ ሰላም ይሉሻል።

እህትሽ ረዲያ
ሴንት ጄምስ ታውን፣ ቶሮንቶ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.