ብርሃን ያየው ውኃ

ሆሳዕና፣ ጥር 28 ቀን 1961 ዓ.ም.

ውድ እህተማርያም፣

እንዴት ነሽልኝ? የክሊኒካችን የውኃ መብራት ሠራ! የወንዙን ውኃ በአሸዋ እናጠራና ልዩ መብራት በተገጠመበት ቱቦ ውስጥ እናሳልፈዋለን፤ ጨረሩ የአንጀት ተስቦን ጀርም ይገድለዋል። እኛ ቤት እንደሚፈላው ውኃ ጭስ ጭስ አይልም!

ግን በመጀመሪያው ቀን የሚጠጣው ሰው ጠፋ። ባለፈው ክረምት አንድ ልጇን ተስቦ የነጠቃት ጎረቤታችን ጣቢታ፣ «ሳይፈላ? ብርሃን ስላየው ብቻ? እስቲ መጀመሪያ አንቺ ጠጪ» አለችኝ። አምና በተስቦ ስማቅቅ ያስታመምሽኝ አንቺ ነሽና ፍርሃቴን ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ጭልጥ አደረግሁት! እሷ ግን ዓይን ዓይኔን አይታ፣ «ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ» ብላኝ ሄደች።

ትናንት ሁለት ሳምንቱ ሞላ፤ ትኩሳት የሚባል አልነካኝም። ጣቢታ መጥታ ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰችና አቀፈችኝ። ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ሰባት ሴቶች እንስራቸውን አዝለው ቆመዋል፤ ጣቢታ ከፊት ሆና፣ «ሲስተር፣ አብሪልን!» ትላለች።

ወረቀቱ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ። የመብራቱ ሞተር ተነሥቷል፤ ልሩጥ!

ያንቺው ሂሩት