ስንት ቀን እንደሚበቃን ላሳወቁን ክቡር ኃላፊ

ለሦስቱ ሐይቆች የመዝናኛ መንደር
የእንግዶች ቆይታ ዕቅድ ክፍል ዋና ኃላፊ
ፍሎሪዳ

ጉዳዩ፦ የአንድ ቀን ሐሳባችንን ወደ ስድስት ቀን ስላሳደጉልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት እርስዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም ጠዋት ጠዋት በመግቢያው በር ላይ ክንፉን እያርገበገበ እንግዳ የሚቀበለው የወፍ ልብስ የለበሰው ሰው የሚያህለው ፔሊካናችሁ፣ ሁላችሁም በፍጹም ጤንነትና በጥሩ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በኢሪ ከተማ፣ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ እያነሣሁ ቀጠሮ የምይዝ ሮንዳ ግራቦስኪ የተባልኩ ሴት ነኝ። ለሰው ቀን መቁረጥ የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ በሙያው ራሴን እንደ አዋቂ እቆጥር ነበር፤ የእርስዎን ክፍል ካወቅሁ ወዲህ ግን ገና ጀማሪ መሆኔን ተረድቼ አርፌ ተቀምጫለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስታውስዎ። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ የዓይን ሐኪሟ አባቴንና እኔን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ የሁለቱም ዓይኖቹ የእይታ መሃል እየጠፋ እንደሆነ፣ ዳር ዳሩ ቢቀርለትም የሰው ፊት ለይቶ ማየት የሚችለው ግፋ ቢል እስከ መስከረም እንደሆነ ነገረችን። አባቴ ሌስተር ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን በባቡር ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲበይድ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከሰው ምንም ነገር ለምኖ የማያውቅ ሰው ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «እንግዲያው የማየውን መምረጥ አለብኝ» አለኝ። መርጦም ነበር።

የመረጠው የልጄን የዴሊያን ፊት ነው። ዴሊያ በዚያ ሰሞን አሥር ዓመት ሞልቷት፣ ቁመቷም «ነጎድጓድ» የምትሉት የእንጨት ሮለር ኮስተር፣ ያ ሽቅብ ተጎትቶ ቁልቁል የሚለቀቀው ባቡራችሁ፣ ከሚፈቅደው ልክ በአንድ ጣት አልፎ ነበር። «አንቺ በሷ ዕድሜ ሆነሽ፣ እዚሁ ኢሪ ሐይቁ ዳር በነበረችው ትንሿ ባቡር ላይ ይዤሽ ወጥቼ ነበር» አለኝ አባቴ። «ልክ ቁልቁል ስትለቀን ዞር ብዬ ፊትሽን አየሁት። እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ያንን በዴሊያ ላይ ልየውና ከዚያ ዓይኔ እንደፈለገ ይሁን። ዓርብ እንሄዳለን፣ ቅዳሜ ትሳፈራለች፣ እሑድ ቤታችን ነን። አንድ ቀን ይበቃኛል። ነገር አታብዢ ሮንዲ።»

ክቡርነትዎ እንደሚገነዘቡት ይህ የአንድ ጡረተኛ በያጅ ምኞት እንጂ በጥናት ላይ የተመሠረተ ዕቅድ አልነበረም። ስለዚህ ወደ እናንተ ወደ ባለሙያዎቹ ዞርኩ፤ ስላደረጋችሁልንም ነገር ቅሬታዬን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ እነሆ አቀርባለሁ።

1ኛ/ በድረ ገጻችሁ ላይ «ስንት ቀን ይበቃችኋል?» ከሚለው ጥያቄ ሥር የተደረደሩት ሳጥኖች ከሦስት ጀምረው አሥር ላይ የሚያበቁ ስለሆነ፣ የአንድ ቀን ሳጥን ፈልጌ ፈልጌ ባጣሁ ጊዜ ወደ ክፍልዎ ደወልኩ። ኬንት የሚባል እጅግ ሳቂታ ሠራተኛዎ «አንድ ቀን? ከኢሪ ድረስ መጥተው? እመቤቴ፣ በአንድ ቀን እኮ አይተው የሚመለሱት የመኪና ማቆሚያችንን ነው!» ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ማንም ሳያየኝ አፍሬ ነበር፤ ለሽማግሌ አባቷ አንዲት ቀን የምትቆነጥር ቋጣሪ ልጅ መሰልኩ ለራሴ። ስላሳፈሩኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን አልኩ።

2ኛ/ ኬንት በቸርነቱ ብዛት ሠላሳ ሺህ እናቶች ስለ መንደራችሁ በኢንተርኔት ወደሚመካከሩበት ማኅበር መራኝ። እዚያ ገብቼ ሦስት ቀን ማሰቤን ብናገር ምድር ቀውጢ ሆነ። አንዷ «ሦስት ቀን? ልጅሽ ምን በደለችሽ?» አለችኝ። ሌላዋ የመጀመሪያው ቀን የመድረሻ፣ የመጨረሻው ደግሞ የመመለሻ ስለሆነ ሁለቱም እንደማይቆጠሩ በደግነት አስረድታ ሦስት ቀኔን ወደ አንድ አወረደችልኝ፤ ያን ጊዜ አባቴ የጠየቀው እሱኑ እንደነበር ትዝ እንኳ አላለኝም። ሦስተኛዋ ከመዝናናቱ የሚያርፉበት አንድ ቀን በመሃል ካልገባ ቤተሰብ እንደሚፈርስ በራሷ ቤት የደረሰውን እየጠቀሰች መሰከረች። በግንቦት መጨረሻ ቁጥራችን ስድስት ደርሶ ነበር።

3ኛ/ ስድስት ቀን ደግሞ እንደ አንድ ቀን ዝም ብሎ ከሳምንቱ ጫፍ ላይ አይነሣም። ባለቤቴ ዱዌይን በመሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ዕረፍት በዓመት አሥር ቀን ሲሆን፣ ከእነዚህ ሁለቱ ለአጋዘን አደን መክፈቻ የተቀደሱ ናቸው፤ በኛ አገር ሰው ሚስቱን ይፈታል እንጂ እነዚያን ሁለት ቀኖች አይነካም። የቀሩትንም በረዶው ከመጀመሩ በፊት ለጣሪያው ጥገና ሰጥቷቸው ስለነበር በጥር የሚገባውን አዲስ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ። በዚያ ላይ የዴሊያ ትምህርት ቤት ስድስት ቀን በተከታታይ ለቀረ ልጅ ወላጅ ይጠራል። ኬንትን በደወልኩ ቁጥር በሐምሌ ሙቀቱ ለአረጋዊ እንደማይሆን፣ በመስከረም ማዕበል እንደሚያሰጋ፣ በታኅሣሥ ሕዝቡ እንደሚበዛ እየነገረ፣ በፍሪጁ በር ላይ ከሰቀልኩት የቀን መቁጠሪያ ወራቱን አንድ በአንድ አሰረዘኝ። በመጨረሻ ለትምህርት ቤቱ አጭር ዕረፍት ሲባል የካቲት ላይ አረፍን።

አባቴ እሑድ እሑድ ለምሳ ሲመጣ «እና፣ ቀኑ ተቆረጠ?» ይለኝ ነበር። «እየተቆረጠ ነው አባዬ፤ ስድስት ልናደርግልህ እኮ ነው!» እለዋለሁ። «ስድስት ምን ያደርግልኛል?» ይልና ወደ ሳህኑ ይመለሳል። እኔም አመስጋኝ ስላልሆነ ይከፋኝ ነበር። በመስከረም ጋዜጣ ማንበብ ተወ። በጥቅምት ሾርባውን ከሳህኑ ውጭ ሲያፈስ ጠረጴዛውን ጠርጌ፣ ከምሳ በኋላ የትኛው ሆቴላችሁ ለመዋኛው እንደሚቀርብ ማወዳደሬን ቀጠልኩ። በኅዳር ዱዌይንን ጎረቤታችን መስሎት ስለ አጥሩ አነጋገረው። እያየሁ ነበር ክቡር ሆይ። ዓይኑ የጠፋው እሱ ነው፤ ያላየሁት ግን እኔ ነኝ።

4ኛ/ በየካቲት መጣን። ሁላችንም አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ካናቴራ ለብሰን፣ እኔ የየሰዓቱን ዕቅድ በፕላስቲክ አስለብጬ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ዱዌይን የጉዞውን ሻንጣ ሁሉ ተሸክሞ በበራችሁ ገባን። «ነጎድጓድ»ን ለመሳፈር በየማለዳው ልክ አንድ ሰዓት ላይ በስልክ ወረፋ መያዝ እንደሚያስፈልግ አስቀድሜ አውቃለሁ፤ ሆኖም በዕቅዴ መሠረት ዴሊያ መሳፈር የነበረባት በአራተኛው ቀን ስለነበር በመጀመሪያው ቀን በአጠገቡ ስናልፍ ወረፋ አልያዝኩም። አባቴ ክንዴን ይዞ እየሄደ ድንገት ቆመና ጆሮውን ጣል አደረገ። «ይሄ የእንጨት ሐዲድ ድምፅ ነው። እዚሁ ነው አይደል?» አለኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዎ አባዬ፣ ግን የሱ ቀን ሐሙስ ነው» አልኩት። «ሐሙስ» አለና ክንዴን መልሶ ያዘ።

በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት በበሩ አጠገብ ካለው መስኮት ላይ የአንድ ቀን ትኬት ገዝታ ስትገባ አየኋት። አንድ ትኬት፣ አንድ ቀን። ለካ ትሸጣላችሁ! ሳጥን የለውም እንጂ መስኮት አለው፤ እኔም ያን ያህል ጊዜ ስደውል አንድ ጊዜ እንኳ «በበሩ ይገኛል ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ ዴሊያና አባቷ ተሳፈሩ። አባቴና እኔ ባቡሩ ወርዶ በቅርብ ከሚያልፍበት አጥር ሥር ቆምን። ባቡሩ ሲለቀቅ አባቴ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ፤ እንደሱ የሆኑ ሰዎች በቀረችላቸው የዓይን ዳር ነገር ለመለየት እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። «የትኛዋ ናት? ትስቃለች?» አለኝ። ከፊት የተቀመጠችው ልጄ በፍርሃት ደርቃ፣ እንባዋ እስከ ጆሮዋ ተዘርግቶ፣ አፏን ከፍታ ታለቅሳለች። «ትስቃለች አባዬ፣ ጥርሷ ሁሉ ይታያል» አልኩት። እሱም እጁን አንሥቶ ከኋላ ለተቀመጠች የማናውቃት ሴት ፈገግ አለላት።

ዴሊያ ከባቡሩ ወርዳ እየተንሰቀሰቀች ስትመጣ ከሩቅ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁባት። ልጅ ናት፣ ግን ሞኝ አይደለችም፤ አፍንጫዋን በካናቴራዋ ጠርጋ፣ ጆሮው ሥር ተጠግታ፣ ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣች። «አያቴ፣ አየኸኝ?» አለችው። «አየሁሽ እንጂ! ልክ እናትሽን!» አላት። እንዲህ ሦስታችን አንድ አጥር ሥር ቆመን ተዋሸን። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ቀን ስለነበሩን ብቻ ቆየንባቸው፤ አባቴ በመዋኛው ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ ምንም ነገር ሳይጠይቅ አሳለፋቸው።

5ኛ/ ይህን ቁጥር ለመጨረሻው በደልዎ አስቀምጬው ነበር፤ ለመጻፍ ስቀመጥ ግን የእርስዎ የሚሆን በደል አጣሁ። ኬንት እጄን ጠምዝዞ አላስፈረመኝም። ሠላሳ ሺህ እናቶችም አባቴን አያውቁትም። ስድስት ቀን የሰጠች ልጅ ተብዬ መታየት ፈልጌ ነበር፤ አንድ ቀን የለመነኝን ሰው በስድስት ቀን አፉን አዘጋሁት። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የማወጣውም አባቴ ሊያነበው እንደማይችል ስለማውቅ ነው፤ ከዚህ የከፋ ፈሪነት ካወቁ ይጻፉልኝ።

እንግዲህ በትሕትና የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሳጥኖቹ በላይ፣ ስንት ቀን ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ «ማንን ይዛችሁ ነው የምትመጡት? እሱ የፈለገው ምንድን ነው?» የሚል አጭር መስመር ጨምሩበት። ለንግዳችሁ እንደማይበጅ አውቃለሁ፤ ሆኖም እንደኔ ያለችውን ሴት ቢያንስ ለአንድ አፍታ ከስልኳ ላይ ቀና ያደርጋት ይሆናል።

ስድስቱን ቀን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ የተጠቀመችው፣ ለክፍልዎ ዕድገትና ለፔሊካኑም ረጅም ዕድሜ የምትመኝ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምትነሣው ደንበኛዎ፣
ሮንዳ ግራቦስኪ
ኢሪ፣ ፔንሲልቬንያ

ግልባጭ፦
ለሠላሳ ሺህ እናቶች ማኅበር
ለዱዌይን መሥሪያ ቤት የዓመት ዕረፍት ክፍል
ለፍሪጃችን በር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ ከክፍልዎ ወደ ቤታችን ተደውሎ ስልኩን ያነሣው ያን ቀን እኛ ዘንድ የዋለው አባቴ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያዳምጥ ሁሉም ይሰማ ነበር። እኔ የታጠበ ልብስ ይዤ በበሩ ገብቼ ቆሜያለሁ፤ እሱ ግን አላየኝም። ሠራተኛዎ እጅግ በታነጸ አነጋገር ለሚቀጥለው ጉብኝታችን ስንት ቀን ሊይዝልን እንደሚገባ ጠየቀ። አባቴ ትንሽ አሰብ አድርጎ «አንድ ቀን። ያለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ የቀረ ቀን ካላችሁ» አለው። ሠራተኛዎ ግራ ተጋብቶ ያለፈ ቀን እንደማይሸጡ ሲነግረው፣ አባቴ «አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ አውቃለሁ። ብቻ እንዲህ ማለቴን ለልጄ እንዳትነግርብኝ፤ ብዙ ደክማበታለች» አለው። ሠራተኛዎ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካቀረብኳቸው ምስጋናዎች ሁሉ እውነተኛው ለዚያ ሠራተኛዎ የማቀርበው ይህኛው ነው።