ከአራት እስከ ሰባት ሰዓት መሞት ስለተከለከለበት ቀን

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ቡፔንድራ ስታፒት፣ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣
ባራትፑር

ክቡር ሆይ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? የደም ግፊትዎስ? እኛ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠራተኞች ስለ ጤናዎ አብዝተን እንጸልያለን፤ አንድ ቀን ታመው በእኛ እጅ ላይ ቢወድቁ፣ ለሌላው ያወጡት መመሪያ በራስዎ ላይ እንዳይፈጸም ስለምንሰጋ ነው።

እኔ ሲስተር ሙና ባጅራቻርያ ነኝ፤ በክፍሉ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁ፣ እርስዎ ዘንድ ግን «ያቺ ነገረኛ» በሚል ስም የምታወቅ ነርስ። በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ሦስተኛው በአደባባይ ቢነበብ ዓይንዎ ይገባ ይሆናል ብዬ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር ዘርዝሬያለሁ።

አንደኛ፣ የጥራት ሰርተፍኬት ሰጪዎቹ እንግዶች ሊጎበኙን በመጡበት ዕለት ጠዋት ሰብስበውን «ከአራት እስከ ሰባት ሰዓት ማንም እንዳይሞትብኝ!» ስላሉን እናመሰግናለን። እስከዚያ ቀን ድረስ ሞት በትእዛዝ እንደሚቆም የነገረን አስተማሪ አልነበረም። እኛ ሞኞቹ ቀልድ መስሎን ስቀን ነበር።

ሁለተኛ፣ አልጋ ቁጥር አራት ላይ የነበሩት፣ ሁላችንም «አማ»፣ እናት፣ የምንላቸው አሮጊቷ አማ ዴቪሳራ ፖውድያል መመሪያዎን ባለመስማታቸው ይቅርታ እንጠይቃለን። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ ልባቸው ቆመ። ተረኛው ሐኪም ደረታቸውን ተጭኖ፣ የሚቻለውን ሁሉ ሞክሮ፣ መሞታቸውን ነገረን። የመተንፈሻ ማሽኑን ልነቅል እጄን ስዘረጋ እርስዎ ከበሩ ላይ «ተይው! ደረቷ ከፍ ዝቅ እስካለ ድረስ ማን ያውቃል?» አሉኝ። የልብ ምቱን የሚያሳየውን ሞኒተር ወደ ግድግዳ ያዞሩት በገዛ እጅዎ ነው፤ ከዚያ በፊት በሽተኛ ዘንድ ቀርበው አንዳች ነገር ሲነኩ አይተን ስለማናውቅ ተደንቀናል። እንግዶቹ አልጋው አጠገብ ሲቆሙ እርስዎ «ጥሩ መሻሻል እያሳየች ነው» አሏቸው። እነሱም «በርቱ» ብለውን አለፉ።

ሦስተኛ፣ ኮሪደር ላይ ለሚጠብቀው ልጃቸው ለሎክናት፣ ለአውቶቡስ ሾፌሩ፣ «ደህና ናቸው በይው» ብለው ስለላኩኝ። አልኩት። ሰውዬው ፊቱ በራና «ዕድሜ ይስጥሽ፣ እህቴ! ብቻ ከነቃች ዛሬ ኤካዳሺ፣ የጾሟ ቀን፣ መሆኑን እንዳትነግሪብኝ፤ በቱቦም ቢሆን አልበላም ብላ ታስቸግርሻለች» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እናቱ ከሞቱ ግማሽ ሰዓት ሆኗቸዋል!

እንግዶቹ ሲወጡ ሞት ተፈቀደ። አሮጊቷ የሞቱበት ሰዓት ሰባት ሰዓት ከሃያ ተብሎ እንዲጻፍ አዘዙ፤ ጻፍኩ፣ ፈረምኩም። ተረኛው ሐኪም ቀና ብሎ ሳያየኝ ከሥሬ ፈረመ።

እዚህ ላይ የሚያውቁትን ነገር ላስታውስዎ፤ እናትዎን በየዓመቱ የሚዘክሩት በጨረቃ ቀን አቆጣጠር ነውና። የዚያን ዕለት ኤካዳሺ፣ አሥራ አንደኛዋ የጨረቃ ቀን፣ ያበቃችው ስድስት ሰዓት ከአስር ላይ ነው። አማ ዴቪሳራ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ኤካዳሺን ጾመዋል፤ በዚያች ቀን መሞትን ከአምላካቸው የለመኑ ሴት ነበሩ። ተሰጥቷቸውም ነበር። እርስዎ ቀሟቸው።

አራተኛ፣ ሎክናት የአሥራ ሦስት ቀኑን ሐዘን ጨርሶ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ ሊያመሰግነን መጣ። ሊያመሰግነን! ካህኑ ወረቀታችንን አይቶ ቀኑን ሲቆጥር አሥራ ሁለተኛዋ ላይ አርፏል። «በአንድ ሰዓት ልዩነት አመለጣት፣ እህቴ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በጾሟ ቀን በቱቦ እንዲያበሏት ፈቀድኩ፤ ጾሟን አስገደፍኳት» አለኝ። ይህ ሰው እስኪሞት ድረስ ያልሠራውን ኃጢአት ተሸክሞ፣ እናቱን በማይሆን ቀን ሊዘክር ነው። ወረቀቱ ይታረም ብዬ ቢሮዎ ስገባ ግን «ሞት ያው ሞት ነው፤ በአምስት ሆነ በሰባት ምን ለውጥ አለው?» አሉኝ። እንዴት ያለ እውቀት ነው!

አምስተኛ፣ እንቅልፍ አጥተናል፣ ቤታችን ገብተን እህል አልበላ ብሎናል ብንልዎ፣ የግማሽ ቀን የጭንቀት ማስወገጃ ሥልጠና ስለሰጡን። አሠልጣኟ ዓይናችንን አስጨፍና በአፍንጫችን አየር አስገባችን፣ አስወጣችን። ችግራችን አተነፋፈስ አልነበረም፤ ሰው መዋሸታችን ነው። እሱ በሥልጠና አይለቅም፣ ጌታዬ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወረቀቱን ያርሙት፤ አምስት ሰዓት ከአምስት ይበል። ለእርስዎ አንድ መስመር ነው።

ሰርተፍኬትዎ ይባረክልዎ፣ ወንበርዎ ይጽናልዎ እያልኩ፣ ወረቀቱ ይታረም በማለቴ ለተላከልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም እጅ ነስቼ፣ ያንን የሐሰት ሰዓት በገዛ እጄ የጻፍኩት አክባሪዎ፣

ሲስተር ሙና ባጅራቻርያ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ሎክናት ቤት ሄጄ እውነቱን ነግሬዋለሁ። ይመታኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ ጓዳ ዞሮ «ሰማሽ? በኤካዳሺ ነው የሞተችው!» ብሎ ሚስቱን ጠራ፤ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና «ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?» አለኝ። የእርስዎን ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ግን የዋሸሁት እኔ ነኝና አልሆነልኝም። እሑድ ጠዋት ይህንኑ ሊጠይቅዎ ይመጣል። ተዘጋጅተው ይጠብቁት።