ላባ የሚያቀልጠው በርሜል

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ። ጠዋት 1፡20
በርሜሉን አማሰልኩ። የሰሞኑ የዶሮ ላባ ሟሙቷል፤ የቀረው አገዳው ነው። ለጎመኑ ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል።

ማስታወሻዬ፣ አንተንም ዓመት ሙሉ ዋሽቼሃለሁ። በዚህ በርሜል ውስጥ ላባውን የሚበሉት ተሕዋስያን የኔ አይደሉም። የኔዎቹ አምና በዓቢይ ጾም ሞተዋል። በጾም የዶሮ ነገር ግቢዬ አይገባም ብዬ በርሜሉን ከድኜ ተውኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ ንስሐ አባቴንም አልጠየቅኩም። ከፋሲካ በኋላ ላባ ብጨምርበት እንደገባ ተቀመጠ።

ያዳነኝ ሰይድ ነው። እኔ በምጠርግበት የጎሮ ዶሮ እርድ ቤት የሙስሊሞቹን ዶሮ የሚያርደው፣ ወሎዬው። ከላባ መጣያው ጉድጓድ አፈር ወስዶ የራሱን በርሜል ጀምሮ ነበር። በዚያው ጾማችን ለእነሱ ረመዳን ነበር፤ ለማፍጠሪያ ዶሮ ይታረዳል፤ ላባ አልጠፋበትም። ከራሱ በርሜል አንድ ጀሪካን ቀድቶ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ የእርስዎዎቹ ሁዳዴ ከብዷቸው ነው። የኔዎቹን እንዳያስጾሙብኝ» ብሎ ሳቀብኝ።

በርሜሌ እንደገና ላባ ማቅለጥ ጀመረ። በወሩ ዶ/ር ሜሮን መጣች፤ ከምርምር መ/ቤት። ይህን ማን ጀመረው ብላ ጠየቀች። እኔ አልኳት።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ
ነገ አትላስ ሰፈር፣ ሆቴል ውስጥ፣ የዶ/ሯ ምርምር ይፋ ይሆናል። ሸሚዝ ተኮስኩ። ለምለም ብትኖር ኮሌታውን ታቃናልኝ ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማር።
ዶ/ሯ ዓመቱን ሙሉ እየተመላለሰች ከበርሜሉ ቀድታለች፣ ሽሮዬን በልታለች። ጋሼ፣ ስምዎ ይጠራል ብላኛለች። ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅህም።

ግንቦት 8፣ ዓርብ። ከሰዓት
ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዶ/ሯ አስረዳች። ላባን አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻውን አይጨርሰውም፤ ብዙ ዓይነት ሆነው፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየተቀበለ ነው። ይህን ያየችው ግቢዬ ነው።
ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ መጣ። ምንጭ፦ ባለቤት የሌለው ቆሻሻ፣ ጎሮ አካባቢ። ሁለቴ አነበብኩት። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ለምን እንደታዘዘ እንጃ።
መውጫው ላይ ደረስኩባት። «ጋሼ፣ ፎርማቱ የሰው ስም አይቀበልም» አለችኝ፣ ስልኳን እያየች። ምስጋናው ላይ ግን የሾፌሯ ስም አለ።
ሽሮዬን በልታ።
እስከ ሩዋንዳ ሰፈር በእግሬ ነው የሄድኩት። ምሳ አልበላሁም።

ግንቦት 10፣ እሁድ
ከቅዳሴ መልስ። ዶ/ሯን ልከስ ነበር የቆምኩት። ስሜን ዋጠችው፣ ጌታ ሆይ፣ አልኩ። የማንን ስም? እሷ ለመምጣቷ ምክንያቱ የሰይድ ጀሪካን ነው። በመጣች ቁጥር ከእርድ ቤቱ ግቢዬ ድረስ አምጥቶ በሩን የሚከፍትላት እሱ ነው። አንድ ቀን የኔ ነው ብሎ አያውቅም።
ንዴቴ አልበረደም። በድላኛለች። እኔም በድያለሁ። አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

ግንቦት 11፣ ሰኞ
ለሰይድ ልነግረው ሄድኩ። ቢላዋ እየሳለ ነው። ስለ ዝናብ አውርተን ተመለስኩ። ፈሪ።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ። ቅ/ሚካኤል። 11፡00
ጠዋት፣ እርድ ሳይጀመር፣ ነገርኩት። ሳላስቀር።
ቢላዋውን ማጠቡን አላቆመም። «አውቃለሁ፣ ጋሼ። የዚያን ለት፣ ‹እኔ› ሲሏት በሩ ላይ ነበርኩ» አለ።
ዓመት ሙሉ። ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። «እርስዎ እስኪሉት» አለኝ። አልተቆጣም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር ስለው፣ «እሱማ ይቀልዎት ነበር» አለኝ።
ከሰዓት ብቻዬን ወደ ዶ/ሯ ቢሮ። ስብሰባ ላይ ናት ተባልኩ። መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ በእጄ ጻፍኩ፦ አፈሩን ያገኘውም በርሜሉን የጀመረውም ሰይድ ነው፤ አምና የኔ ነው ያልኩት ሐሰት ነው፤ ይታረምለት። ፈረምኩ። ዋናውን አስገባሁ። ቅጂው ላይ ማህተም አስመታሁ።
ጎሮ ተመለስኩ። ሰይድ እጁ እርጥብ ነው። ቅጂውን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ አስገባሁለት።