በቡጢ ላሸነፉኝ አማቴ

ውድ እማማ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ደረጃ ሲወርዱ የታከመውን እግር ማስቀደም እንዳይረሱ። እኛ ደኅና ነን፤ ደኅና ነን የምለው ግን ለወጉ ያህል ነው።

ከሄዱ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆነዎት። ትናንት ሴት ልጅዎ ደውላ፣ «እማዬ እኔ ጋ ልትቀር ነው፤ ከእንግዲህ እነሱን ላስቸግር አልፈልግም ብላለች» አለችን። ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ ሄዶ አልጋዎ ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን ለምን እንደማይመለሱ አውቃለሁ። ማወቄን እንዲያውቁልኝ ነው ይህን የምጽፈው። በስልክ እንዳልነግርዎት፣ እርስዎ «ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፣ በሉ ካርዳችሁን አትጨርሱ» ብለው ይዘጉብኛል።

እውነቱን ልናገርና፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወደ እኛ ሲመጡ ደስ አላለኝም። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ በመሃሉ ያለው ስስ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። እርስዎ አርባ ዓመት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ያዘዙ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» እያለ የሚነሣልዎት ሴት ነዎት። እኔ ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ደም ስቀዳ ውዬ ስገባ ቤቴ ውስጥ ሌላ አለቃ አልፈልግም ነበር። ያጠብኩትን ማንኪያ መልሰው ሲያጥቡ እያየሁ ጥርሴን እነክሳለሁ። ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም፤ ደግ ቃልም እንደዚያው። «እንዴት ዋሉ?» «ይመስገን።» ከዚያ እኔ ወደ መኝታ ክፍሌ። ነገርን በሆድ መያዝ እንደሆነ ሁለታችንም እንችልበታለን።

ባለቤቴ ያንን ጌም ከሥራ ባልደረባው ላይ አሮጌውን ገዝቶ ሲያመጣም ተቆጥቼ ነበር። ሪሞት ይዘው እጅዎን ሲያወዛውዙ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው አብሮ የሚወዛወዝበት ነገር ለትልቅ ሰው ምን ይሠራል? አንድ እሑድ ከሰዓት እየተጫወተ ሳለ ተደወለለት። የአሳንሰር ጠጋኝ ሚስት መሆን እንዲህ ነው፤ የሆነ ሕንፃ ውስጥ ሰው ተቀርቅሯል። ጌሙን ሳያጠፋ ሮጦ ወጣ። እኔና እርስዎ ተፋጥጠን ቀረን። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴትዮ ኳስ ይዛ ተገትራለች። እርስዎ ወደ ስክሪኑ ጠቁመው፦

«ይቺ ሴትዮ እስከ መቼ ቆማ ትቀራለች? ኧረ ታሳዝናለች፤ እስቲ አንድ በያት» አሉኝ።

ጨዋታው ኳስ አንከባሎ ጠርሙስ የሚመስሉ ነገሮችን መጣል ነው። የሪሞቱን ማሰሪያ አንጓዎ ላይ ላጠልቅልዎ ስል እጅዎን ሰበሰቡ። «አርባ ዓመት ሕፃን ስቀበል ሰዓት እንኳ አስሬ አላውቅም። አሁን በስተርጅና ልታሰር?» ከወንበርዎ ሳይነሡ ክንድዎን ወደ ኋላ ወስደው ወረወሩ። ሪሞቱም አብሮ ሄደ። በቴሌቪዥኑ ጎን ለጥቂት አልፎ፣ የሰርጌ ስጦታ የነበረውን ቡፌ መስታወቱን አረገፈው።

መስታወቱን አየሁ፣ እርስዎን አየሁ። እርስዎ የሚያዩት ግን ቴሌቪዥኑን ነበር። «ኳስ ሳይለቁት እንዴት ይወረወራል?» አሉ፣ ከልብዎ ግራ ገብቶዎት። ልቆጣ አፌን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ። ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ማሰሪያውን ሳልነግርዎት ያጠልቁ ጀመር። ከሥራ ስገባ ሁለት ወንበር አዘጋጅተው ይጠብቁኛል። ኳሱ እየተንከባለለ ሳለ እርስዎ ከኋላው «ግፊ! በርቺ! አሁን ነው፣ ግፊ!» ይላሉ። የፎቁ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ ይዛኝ «ቤታችሁ የምታምጥ ሰው አለች እንዴ?» ብላ የጠየቀችኝን እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም።

ጌሙም ቢሆን ስንቱን አሳየን! ፀሐይ በመስኮት በገባች ቁጥር ሴትዮዋ ዝም ብላ ትንቀጠቀጣለች፤ «ወባ ይዟታል» ብለው መጋረጃ ያስዘጉኛል። ስክሪኑ «ራቅ በሉ» ይለናል፣ ክፍሉ ደግሞ አልቆ ጀርባዬ በሩ ላይ ነው። ለሪሞቱ ብለን የግድግዳ ሰዓቱን ባትሪ ነቅለን ባለቤቴ ሥራ ያረፈደ ቀንስ? እኔ ራሴ ክንዴ ዝሎ አንድ ታካሚ «እህቴ፣ ደም ስትቀጂ የመጀመሪያሽ ነው?» ብሎኛል።

እዚያው ጌም ውስጥ ያለው የቡጢ ጨዋታ የመጣው በኋላ ነው። «እኔ ተቀምጬ አንቺ ቆመሽ አይሆንም» ብለው አስቀመጡኝ። እርስዎ ግን ሆድ ሆዴን ብቻ ነበር የሚመቱት። «ፊቷን ነገ ለሥራ ትፈልገዋለች» ይላሉ። ተሳስተው ፊቴን ሲያገኙኝ «ይቅርታ የኔ ልጅ» ብለው ያቆማሉ፤ እኔም በዚያች ቅጽበት እጥልዎታለሁ። አንድ ቀን ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። እኔ እሰነዝራለሁ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው የኔዋ ግን ዝም ብላ ትደበደባለች። ብሽቅ ብዬ «ይሄ ለማንኪያዎቹ!» አልኩ።

እጄ አየር ላይ ቀረ።

«የምን ማንኪያ?»

«እኔ ያጠብኳቸው። መልሰው የሚያጥቧቸው።»

«እሺ። ይቺ ደግሞ ‹ደኅና ነኝ› እያልሽ በር ለዘጋሽብኝ!» አሉና ፊቴን አጣደፉት። ወደቅሁ። ይቅርታም አላሉኝ። እንባችን እስኪፈስ ስንስቅ ወጡ አረረ። ያን ዕለት ነው ማዋለጃ ክፍል ሁሉም ነገር ሁለቴ ይታጠብ እንደነበር የነገሩኝ። «እጄ አላምን ብሎኝ ነው እንጂ አንቺን ንቄ አይደለም» አሉኝ። አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ሁለት ወር ሙሉ ጥርሴን ባልነከስኩ።

ሌላ ቀን ስጥልዎት «ሃያ ሦስት ቀን ይቀረኛል፤ ሳልጥልሽ አልሄድም» ብለው ነበር። የሐኪም ቀጠሮ መስሎኝ አለፍኩት።

ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሻንጣዎ በር ላይ ነው። «ልጄ ጋ ሄጄ ሕፃኑን ልያዝላት» ብለው ሳሙኝ። እርስዎን ሸኝተን ስንመለስ ባለቤቴ እንዲያው ለጨዋታ ያህል «ለካ ዛሬ ልክ ሦስት ወሯ ነው» አለ። የመጡ ዕለት መኝታ ክፍል ገብቼ፣ በር ዘግቼ፣ በሹክሹክታ «ሦስት ወር። ከዚያ አንድ ቀን አልጨምርም» ብዬው ነበር። እሱ ረስቶታል። እኔም ረስቼው ነበር። ከችፑዱ ማዶ የነበሩት እርስዎ ግን ሰምተው ቀኑን ይቆጥሩ ነበር።

ይህን ሰምተው ነው ለካ አብረውኝ የተጫወቱት። ይህን ሰምተው ነው ነገ ሥራ አላት ብለው ለፊቴ የሳሱለት። ያን ዕለት የማንኪያውን ነገር ሳነሣ እርስዎ ከዚህ የከበደ ነገር በእጅዎ ነበር፤ አልመቱኝም። ለልጅዎም አልነገሩት። እማማ፣ አመሰግናለሁ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። በዚህ ቤት የሆዴን መናገር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ባለቤቴም መከራውን እያየ ነው፤ አሁን ሲያናድደኝ አላኮርፍም፣ እዚያው እነግረዋለሁ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ልጠይቅዎት አይደለም፣ ልወስድዎት ነው። ያን ጊዜ በሹክሹክታ ያልኩትን እርስዎ ብቻ ሰሙት። ይህን ግን ሁሉም እንዲሰማው እፈልጋለሁና፣ እባክዎ ለልጅዎ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላት፦ ይምጡ፤ ቤትዎ ነው፤ ቀን የለውም።

አክባሪዎ፣
ምራትዎ